የጣት ጫፍ ቅቤ

«እማዬ ጋ ትቼው ሥራ አልገባም አልኩህ እኮ! የሆነ ነገር ቢሆንስ? ደይኬር ይገባል፤ አለቀ!»

ይህን ያለችው ሩሃማ ናት፤ የሰማችው ደግሞ እናቷ አሰፋሽ። ጆሮዋን በር ላይ ለጥፋ አይደለም፤ ኧረ ወዲያ! ወጥ ቤት ቆማ የጾም ምሳዋን ምስር እያጠበች ነበር። ጥፋቱ የዚያች ነጭ ዕቃ ነው። ሕፃን ፎቅ ላይ ሲተኛ ትንፋሹ ታች ድረስ እንዲሰማ ተብላ የተገዛች፣ አንዷ ከባዶው የሕፃን አልጋ አጠገብ፣ ሌላዋ ወጥ ቤት ከማይክሮዌቩ ጎን የተቀመጠች፣ «ቤቢ ሞኒተር» የሚሏት ዕቃ አለች። የሩሃማ ባል አብርሽ ትናንት ሊሞክራት ከፍቷት ሳይዘጋት ረሳ። ሕፃኑ ገና አልተወለደም፤ ሊወለድ ግን ወር እንኳ አልቀረውም። እናትና አባቱ የእሱን ክፍል በር ዘግተው፣ አሰፋሽ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እዚያው ጆሮዋ ሥር ይመካከራሉ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ሰው የልጅ ልጅ ሊያሳድግ ተብሎ ከአዲስ አበባ ባሕር ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ተጠርቶ፣ ልጁ ገና ሳይወለድ እንዲህ ይባላል?

«እሳቸው ምን አደረጉሽ?» አለ አብርሽ። «አንቺን ያሳደጉ ሰው አይደሉም እንዴ?» አሰፋሽ መልሱን ለመስማት ውኃውን ዘጋች። «አንተ አታውቅም» አለች ሩሃማ በመጨረሻ፣ ሌላ አልጨመረችም። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ አብርሽ፤ «ዛሬ ሁለታችንም ሥራ ነን። ያቺን ቤቢ ለሳቸው ተዪላቸው። ማታ በደህና ካስረከቡሽ ልጁንም ያሳድጋሉ። ካልሆነላቸው እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ ደይኬር እናስገባዋለን፣ እሳቸውም አገራቸው ገብተው ይረፉ።» አሰፋሽ እጇ ምስሩ ውስጥ እንዳለ በቁሟ ደረቀች። ፎቅ ላይ ልጇ «እሺ» ስትል ሰማች።

«ያቺ ቤቢ» የተባለችው እንግዲህ ሰው አይደለችም፤ ሽኮኮ ናት። እሷም ወጓን ጠብቃ መሬት ለመሬት የምትሮጥ ሽኮኮ ብትሆን ጥሩ፤ የምትበር ሽኮኮ ናት! ከሰሞኑ ነፋስ በኋላ የጎረቤቱ አሮጌ ዛፍ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ ግንዱ ውስጥ ጎጆ ነበረና እናትየዋ ከዛፉ ጋር ወድቃ ሞተች። ልጇን ሩሃማ ትናንት ሣሩ ላይ አገኘቻት። ዓይኗ ያልተገለጠ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ በጎንና በጎኗ ስስ ቆዳ የተንዘረፈፈባት ፍጥረት ናት። ስታድግ ያንን ቆዳ ዘርግታ ነው አሉ በጨለማ ከዛፍ ዛፍ የምትንሳፈፈው። እናት የሌላቸውን የዱር እንስሳት የሚያሳድጉ ሰዎች ፎልስ ቸርች ከምትባለው ከተማ ወዲያ አሉ፤ ሩሃማ ስትደውልላቸው «ሞልቶብናል፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ቦታ ይኖረናል፤ እስከዚያ እንዲህ እንዲህ አድርጊያት» ብለው አስተማሯት። አሰፋሽ ደግሞ አይጥ የሚመስል ነገር ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስፈራታል። ሩሃማ የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋ ይዛት ስትገባ «በስመ አብ!» ብላ ወንበር ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ካርቶኑ ያለበትን ጠረጴዛ እየዞረች ነበር ያመሸችው። ዛሬ አሳዳጊዋ ሆነች!

ሩሃማ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ወረደች። ወር ሆናት፣ ሌሊቱን ሙሉ እግሯ ጣሪያው ላይ ሲመላለስ ነው አሰፋሽ የምትሰማው። ሥራዋ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ትንፋሽ ያጠራቸውን በሽተኞች ማስተንፈስ፣ ሳንባቸውን ማዳመጥ፣ ማሽን ላይ ማድረግ። ብዙ የሚማሩት ነገር እያለ ለምን ይህን እንደመረጠች አሰፋሽ ጠይቃት አታውቅም። «ዛሬ አንቺ ትይዥልኛለሽ፣ እማዬ» አለች፤ ሰበብም አልደረደረችም። ለቡችላ የሚሸጠውን የዱቄት ወተት በሙቅ ውኃ መበጥበጡን፣ መርፌ በሌላት ቀጭን ሲሪንጅ ማጥባቱን፣ ሩዝ የተሞላውን ካልሲ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቆ ካርቶኑ ሥር ማድረጉን አሳየቻት። «ጠብታ በጠብታ። መዋጧን ሳታዪ ሌላ እንዳትጨምሪ። በጀርባዋ እንዳታስተኚያት። ስትጨርስ ሆዷን ወደ ታች በእርጥብ ጥጥ ዳሰስ ዳሰስ ታደርጊያታለሽ፤ ካለበለዚያ አትሸናም።»

«ማሸናቱም የኔ ነው?»

«አዎ። ደግሞ ከዚህ ወተት ሌላ ምንም እንዳትሰጫት። ምንም ማለት ምንም ነው፣ እማዬ። ካስፈራሽ ኮል አድርጊኝ።» ይህን ስትል ዓይኗን እናቷ ዓይን ላይ ተክላ ብዙ ቆየች። አሰፋሽን ሆድ ባሳት። «ሁለት ልጅ ያጠባሁ ሴት ነኝ እኮ!» ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ምራቋን ዋጠች። ሁለተኛው ልጅ በእናትና በልጅ መካከል አይነሳማ። ከሩሃማ በታች ኪራኮስ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ሄደ። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይን በልቶት ነው አለ፤ እሷ ደግሞ እግዜር ወሰደው ብላ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንዳቸውም ለሌላዋ ጠርተውላት አያውቁም።

መኪናዋ ስትነሳ ቤቱ ጭር አለ። አሰፋሽ ዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን አጥልቃ፣ አማትባ፣ የካርቶኑን ክዳን በጣቷ ጫፍ ብድግ አደረገች። ሽኮኮዋ በሩሃማ አሮጌ ሹራብ ቁራጭ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች። በጓንት ስትነካት ተንፈራገጠችና «ጽ» አለች፤ አሰፋሽም «ውይ!» ብላ ዘለለች። ሁለቱም ተፈራሩ። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሲሪንጇ ከጓንቱ ስትንሸራተትባት «የመጣው ይምጣ» ብላ ጓንቱን አውልቃ በባዶ እጇ አነሳቻት። ምኑ ተነክቶ! አንዲት የሞቀች ነገር፣ ልቧ ከአሰፋሽ መዳፍ ጋር እየተጋጨ። ጠብታዋን ስታቀርብላት በሁለት እጆቿ ሲሪንጇን ጨብጣ ጠባች፤ በጥጡም ዳሰስ ስትደረግ እንደተባለው ሸናች። «እሰይ! ጎሽ የኔ እመቤት!» አለች አሰፋሽ ጮክ ብላ፣ ያሸነቻት ሩሃማን ይመስል። ፍርሃቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልለቀቃትም። ቅድም የፈራችው እንዳትነክሳት ነበር፤ አሁን የምትፈራው እንዳትሞትባት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው አይጥ መሳይ ነገር ብቻ አልነበረችማ። ገና ያልተወለደው የልጅ ልጇም ካርቶኑ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ በደህና አጠባቻት። ከዚያ ዐሥር ሰዓት ግድም ጥፋቱ መጣ። ፍልሰታ ነውና ውዳሴ ማርያሟን ይዛ ከመስኮቱ ሥር ቆመች፤ ልመናዋ በዛ፤ ካልሲውን ረሳችው። ስትመለስ ሩዙ በረዶ ሆኗል። ሽኮኮዋ ተጨማዳ፣ እግሮቿ ተዘርረው፣ ስትነካት «ጽ» የማትል ሆና ቆየቻት። ወተቱን አፏ ላይ ብታደርግላት አትጠባም፤ ጠብታው በአገጯ ወርዶ ፀጉሯን አረጠበው። አሰፋሽ ካልሲውን አሙቃ፣ እጇን አሙቃ፣ ደረቷ ውስጥ ከማተቧ አጠገብ ሸጎጠቻት። ስልኩን አነሳች፤ የልጇን ስም ተመለከተች፤ መልሳ አስቀመጠች። ብትደውል «ይኸው አቃታት» ሊባል ነው። ደይኬሩን በራሷ እጅ ልታስመዘግብ ነው! ስለዚህ ወደ ሮክቪል ደወለች፤ ቤተ ክርስቲያን ወደተዋወቀቻት፣ የልጇን ልጆች ወደምታሳድገው ወደ ስሂን።

«አሰፉ፣ አንቺ ደግሞ!» አለች ስሂን ነገሩን ሰምታ፣ እየሳቀች። «የውሻ ወተት አጥብተሽ ምን ልትጠብቂ ኖሯል? ጉሮሮዋ ተጣብቆ፣ አንጀቷ ደርቆ ነው። የጣት ጫፍ ቅቤ አውጫትና እዪ። አራስ አራስ ነው፣ የሰውም ሆነ የአውሬ።»

«ልጄ ምንም እንዳትሰጫት ብላለች።»

«የኔዋስ አላለችም እንዴ? ሦስቱንም ግን እሷ ሥራ ስትገባ አውጬ ነው ያሳደግኳቸው። እስከ ዛሬ አላወቀች። ይኸው ግድግዳ እየገፉ ነው!»

ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ አለ። አሰፋሽ ለአራሷ ገንፎ ብላ ከአገር ቤት በሻንጣዋ ያመጣችው፣ በጣሳ ታሽጎ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጾም ነውና እስካሁን ክዳኑ ያልተነካ። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ መልሳ ልታስገባው እጇን ሰደደች። ምንም ማለት ምንም ነው ተብላለች። ግን ቅቤ በእሷ ቤት መቼ ምግብ ብቻ ሆኖ ያውቃል? ለአራስ ልጅ መጀመሪያ የሚቀምሰው መድኃኒቱ ነው። እናቷም እንዲህ ነው ያሳደገቻት፤ አማቷ ሰርክአዲስም ከገጠር መጥታ ስታርሳት እንዲህ ነው ያስተማረቻት። ደግሞስ ይህች ፍጥረት ዝም ተብላ ልትሞት ነው? «እመብርሃን፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች፤ ትንሿን ጣቷን ቅቤው ላይ አስነካች፤ ሽኮኮዋን በጀርባዋ መዳፏ ላይ አጋደመችና አፏ ውስጥ አደረገችላት። ምላሷ ተንቀሳቀሰ። ላሰች! አሰፋሽ ከደስታዋ ብዛት ትንሽ ጨመረችላት፤ ወተትም አስከተለችላት።

ሽኮኮዋ አንዴ ተንዘፈዘፈች። በአፍንጫዋ ነጭ አረፋ ኩፍ አለ። አፏን ከፍታ አየር ስትጎትት ደረቷ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከውስጧም ጥ… ጥ… የሚል ድምፅ ወጣ። አሰፋሽ ጆሮዋን ወደ ሽኮኮዋ አስጠጋች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። የት እንደሰማችው ግን ገና ልብ አላለችም፤ ሽኮኮዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስልኩን እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። ልጇ ወዲያው አነሳች። «እማዬ? እማዬ?» አሰፋሽ ድምፅ አልወጣላትም፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ቅቤ ሰጠሻት?» አለች ሩሃማ።

ልብ በሉ፤ አሰፋሽ ገና አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሽኮኮዋ ታመመች አላለችም፣ ቅቤ የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም። መዋሸት ትችል ነበር፤ «ወተቱ ትን አላት» ብትል ማን ያይባታል? ግን እዚያ ወለል ላይ፣ አረፋው ጣቷን እያረጠባት፣ ውሸቱ ከየት ይምጣ። «አዎ» አለች።

«እሺ። ስሚኝ። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዝቅ አድርገሽ ያዣት። አፍንጫዋን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊላት። እንዳትመቻት፣ እንዳታናውጫት፣ አፏ ውስጥ እንዳትነፊ። ካልሲውን አሙቂ። እኔ እስክደርስ ውኃ እንኳ አፏ እንዳይገባ። እየመጣሁ ነው።» ቀን ከሌት ሰው የምታስተነፍሰው ሩሃማ፣ ይህን ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ በዚያ ሰዓት ምን ያህል መንገድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድልድዩ አለ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ቤልትዌዩ አለ፣ ሰዉ ሁሉ ከሥራ እየወጣ ነው። አሰፋሽ የተባለችውን አደረገች። አረፋው ቀነሰ፤ ጥ ጥታው ግን አልቆመም። በዚያ ድምፅ መሐል ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። ልጄ ለምን ቅቤ አለች? ስንት ነገር እያለ፣ ለምን ቅቤ? አማቷ በየጠዋቱ ጣቷን ቅቤ ነክራ ኪራኮስ አፍ ውስጥ ስታስገባ፣ ሕፃኑ ሲያስል፣ ሲያስመልሰው፣ «ይለምደዋል» ተብሎ ሲደገም ታያት። አማቷ ወደ አገሯ ስትመለስ ያ ጣት የአሰፋሽ ጣት ሆነ። ከዚያ ትኩሳቱ፣ ከዚያ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባቱ፣ ከዚያ ይኸው ድምፅ። የስድስት ዓመቷ ሩሃማ የበሩን መጋረጃ ይዛ ቆማ ታያለች። ምችም አልነበረም፤ ዓይንም አልነበረም። አሰፋሽ ትንሿን ጣቷን አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ፈርታ አታውቅም። እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ቅቤው ያልለቀቀ መሰላትና እንደገና ሳሙና አነሳች።

ሩሃማ የመኪናዋን በር እንኳ ሳትዘጋ ገባች። አልጮኸችም፤ ጮኻ ቢሆን ይሻል ነበር። የሆስፒታሏን ማዳመጫ ከአንገቷ አውርዳ፣ ከሽኮኮዋ የሚበልጠውን ክቡን ብረት በመዳፏ አሙቃ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ትተነፍሳለች» አለች። «ትንሽ ቅቤ ሳንባዋ ገብቶባታል። ጭንቅላቷን ዝቅ ማድረግሽ ግን ጠቅሟታል። እስከ ነገ ከደረሰች አሳዳጊዎቹ መድኃኒት አላቸው።» ከዚያ ሁለቱም ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመው ካርቶኑን ተመለከቱ። ቅቤው ክዳኑ ተከፍቶ መሐላቸው ተቀምጧል።

«ኪራኮስም ይህ ነበር የነበረበት?» አለች አሰፋሽ። ስሙ ቤት ውስጥ ሲጠራ ሩሃማ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ስለ ሕፃናት ሳንባ ስንማር፣ በቅቤና በዘይት እንዲህ ይሆናል ብለው ድምፁን አሰሙን። ከክላስ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ዋልኩ።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ እንዴት ልትኖሪ?» አለች ሩሃማ፤ እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ። «አብርሽ ለምን ከእናትሽ ጋ አታስቀሪውም ሲለኝ ምን ልበለው? ቅቤ እንዳትሰጪው ብልሽ ለምን ትያለሽ። ለምኑን ስነግርሽ ልገድልሽ ነው። ደይኬር ይሻላል አልኩ፤ ብትቀየሚኝ ይሻላል አልኩ።»

አሰፋሽ ልታቅፋት ፈለገች፤ እጇን ግን ፈራችው። «የጠዋቱን ሰምቻለሁ፤ ያ ዕቃ ክፍት ነበር» አለች። «እውነትሽን ነው፣ ደይኬር አስገቢው። እኔም ራሴን ፈርቻለሁ። ይህ እጅ ልጅ አይያዝበት።» ቅቤውን አንስታ ወደ ቆሻሻው ወረወረችው።

ሩሃማ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረጋት። «እኔ የምፈራው አለማወቅሽን ነበር» አለች። «አሁን አወቅሽ።» አሳዳጊዎቹ ጋ ደውላ ምን እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ የሽኮኮዋ ትንፋሽ ረጋ ሲል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ፣ ቀጥ አድርገው ይዘው እንዲያቀምሷት መለሱላት። ጥ ጥታው እየራቀ እስኪሄድ ሁለቱም ከአጠገቧ አልተነሱም። ያኔ ሩሃማ ወተቱን አዲስ በጠበጠች፣ ሲሪንጇን ሞላች፣ ጠብታውን በእጇ ጀርባ ለካች። ከዚያ ለእናቷ ዘረጋችላት።

«እኔ? በስማም፣ እኔ አልነካትም!»

«ትነኪያታለሽ። ቀጥ አድርገሽ። መዋጧን ሳታዪ አትጨምሪም። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል፣ ወገቤ ተቆረጠ።» መልስም አልጠበቀች፤ ደረጃውን እየያዘች ወጣች።

አሰፋሽ ብቻዋን ቀረች። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሽኮኮዋን ቀጥ አድርጋ ያዘቻት። ሩሃማ ብቅ ብላ ታየኛለች ብላ ወደ ደረጃው ዞር ዞር አለች። ከማይክሮዌቩ ጎን ግን ነጩ ዕቃ አሁንም አልተዘጋም። ከላይ፣ ከባዶው አልጋ አጠገብ፣ የማጥቢያው ወንበር ሲጥ አለ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ያች ወር ሙሉ እንቅልፍ ያልወሰዳት ልጅ ማንኮራፋት ጀመረች። ሽኮኮዋን ለእናቷ ትታላት ተኛች።

አሰፋሽ መቀመጥ አልደፈረችም። በአንድ ጆሮዋ የላይኛዋን ትንፋሽ፣ በሌላው በእጇ ያለችውን እያዳመጠች፣ እየፈራች፣ አንዲት ጠብታ ሽኮኮዋ ከንፈር ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ጉሮሮዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፤ ዋጠች። ሌላ ከመስጠቷ በፊት አሰፋሽ ደግማ ጠበቀች።